በስልክ የተነበበ ፕሮግራም

ወልቂጤ የሄድኩት ሥራ አግኝቼ እንጂ የወላጆቼ አገር ነው ብዬ አልነበረም። አባቴም እናቴም የቸሃ ጉራጌ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ጉራጊኛ ሲነገር እሰማለሁ፤ ልናገር ስል ምላሴ ይተሳሰራል። ይህ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቸገረኝ። ሳሙና ልገዛ ሱቅ ስገባ ባለሱቁ መልኬን አይቶ በቸሃ ያናግረኛል፤ በአማርኛ ስመልስለት ፊቱ ላይ ፈክቶ የነበረው ነገር ይጠፋል። "የኛ ልጅ መስለሽኝ እኮ ነው" ይለኛል። "ነኝ" እላለሁ። "ነኝ" ያልኩትም በአማርኛ ስለሆነ ዋጋ የለውም።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ከተማው በግንባታ ላይ ነበር፤ በየመንገዱ ዳር ኮብልስቶን የሚጠርቡ ወጣቶች መዶሻ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል፤ ባጃጆች በአቧራው ውስጥ ይመላለሳሉ። ሁሉም ሰው ወደ አንድ ነገር የሚጣደፍ ይመስለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከክሊኒኩ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ክሊኒኩ ነበር መንገዴ።

የቀጠሩኝ ዶክተር አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ሠርተው፣ በመጨረሻ በትውልድ ከተማቸው የራሳቸውን ክሊኒክ የከፈቱ ሴት ነበሩ። ክሊኒኩ ዛሬ የለም፤ ያኔ ግን ከየገጠሩ ሰው ይጎርፍበት ነበር። ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የበሽተኞችን ካርድ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም። ሰው ሲታመም ይመጣል፣ ካርድ ይወጣለታል፣ የካርዱ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠዋል። በሌላ ጊዜ ሲመለስ ወረቀቷ ጠፍታለች። ስሙን ይናገራል፤ ስሙ ከመዝገቡ አልገኝ ይላል፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ በመጨረሻ አዲስ ካርድ ይወጣለታል። የካርድ ክፍሉን የሚይዙ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ፤ እትዬ ነበር የምላቸው። አንድ ቀን የአንዲት የደም ግፊት ታማሚ ሦስት ካርዶች አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። በአንዱ የታዘዘላት መድኃኒት በሌላው እንድታቆመው ተጽፏል። ሦስቱን ካርዶች ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ፣ የምሠራው ነገር ቢሳሳት ለካ ሰው ሊጎዳ ይችላል ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጥኩ።

ደንግጬም ያወቅሁትን ሁሉ አንድ ላይ ከተትኩበት። ዶክተሯም በየሳምንቱ የሚጨመር ነገር ያመጡልኛል፤ "የደም ዓይነት ይግባበት፤ የቤት ቁጥር ይግባበት፤ በወር ስንት ሰው እንደመጣ በቀለም የሚያሳይ ነገር አድርጊበት፤ እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው ይኑረን።" ሁሉንም አስገባሁ። ጥቂት ወራት ሲያልፉ የራሴን ሥራ የምፈራ ሰው ሆንኩ። ማተሚያውን ሳስተካክል ፍለጋው ይቆማል፤ ፍለጋውን ሳስተካክል ያልነካሁት ቀለማም ሥዕል ይበላሻል። ኮዱ ረጅም ነው፤ የቱ ክፍል የትኛውን እንደሚጠብቅ እኔም አላውቅም።

የሚያስጨንቀው ግን የምነግረው ሰው ማጣቴ ነበር። ወልቂጤ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው አልጠፋም። ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ የሚጽፉ፣ ሜሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ነበሩ። ይህች የኮድ መስመር ለምን እዚህ ሆነች፣ እዚያ ብትሆንስ ብዬ የማወያየው ሰው ነው ያጣሁት። በግቢያቸው ቤት ያከራዩኝ ባልና ሚስት የጴንጤ አማኞች ናቸው፤ ባልየው እዚያው መንገድ ዳር የብረታ ብረት ሥራ ነበራቸው፤ በርና መስኮት ይበይዳሉ። ሚስትየዋ ደግ ሴት ናቸው። "ምነው ልጄ፣ ከሳሽ?" አሉኝ አንድ ቀን።

"ፕሮግራሙ አልሠራ ብሎኝ ነው።"

"የትኛው? የቴሌቪዥኑ?"

"አይ፣ የክሊኒኩ።"

"እግዚአብሔር ይርዳሽ" አሉኝ፤ ጎመን እየቀነጠሱ ነበርና ወደ ጎመናቸው ተመለሱ።

እሁድ ሲሆን ቤተሰቡ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ግቢው ከጠዋት እስከ ከሰዓት ጭር ይላል፤ የብየዳው ድምፅ እንኳ የለም። በር ላይ በርጩማ አውጥቼ፣ ከክሊኒኩ የተሰጠኝን ያገለገለ ላፕቶፕ ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ከእሁዶቹ በአንዱ ስልኬ ጠራ።

የደወለው የኮሌጅ ጓደኛዬ ነበር። ኮሌጅ ሳለን ለሦስት ተማሪ አንድ ኮምፒውተር ነበር የሚደርሰን፤ ሦስተኛው ልጅ ብዙ ጊዜ ስለሚቀር እኔና እሱ ሁለት ዓመት ያህል ከአንድ ኪቦርድ ፊት ተቀምጠናል። እሱ የመስቃን ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ቡታጅራ ላይ በርበሬ ይነግዳሉ። ዝምተኛ ነው። እኔ ስጽፍ እሱ ያያል፤ ብዙ ጽፌ ስጨርስ "ይቺን ብታጠፊያትስ?" ይለኛል፤ ሳጠፋት ይሠራል። ከተመረቅን በኋላ መምህር ሆኖ ተመደበ፤ ከጥያ ወደ ውስጥ በሚገባ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት።

"እንዴት ነው ማስተማሩ?" አልኩት።

"ጥሩ ነው። ኮምፒውተሮቹ መጥተዋል።"

"እሰይ!"

"ካርቶን ውስጥ ናቸው። መብራት የለም። ሰሌዳ ላይ ኪቦርድ በጠመኔ እስልላቸዋለሁ፤ ልጆቹ እየወጡ ፊደሉን በጣታቸው ይነካሉ። ማታ ስተኛ ጣቶቼ ብቻቸውን ይጽፋሉ።" ከጀርባው ነፋስ ይሰማል። ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለ ኮረብታ ላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር። "አንቺስ? ምን እየሠራሽ ነው?"

"አይነገርም። ተበላሽቶብኛል።"

"አንብቢልኝ።"

"ምኑን?"

"ኮዱን።"

"በስልክ?"

"ታዲያ በምን? እዚህ ከነፋሱ በቀር የሚያናግረኝ የለም።"

ማንበብ ጀመርኩ። በእንግሊዝኛው እንደተጻፈ፣ ከነቅንፉና ከነነጥቡ። ብዙ ሳልሄድ አስቆመኝ። "በአማርኛ ንገሪኝ። ይሄ ቁራጭ ምንድነው የሚያደርገው?"

"ስም ይቀበላል። ከዚያ ይፈልጋል። ካላገኘ፣ ስሙ በሀሌታው ሀ ከተጻፈ በሐመሩ ሐ ይሞክራል። ያም ካልሆነ በብዙኃኑ ኀ። ከዚያ ደግሞ ማተሚያው ክፍት ከሆነ፣ ቆይ፣ ማተሚያው እዚህ ምን ይሠራል? ከዚያ ቁጥሩን..." ስልኩ ተቋረጠ። የእሱ ባትሪ ነው ያለቀው። ስልኩን ቻርጅ የሚያስደርገው በገበያ ቀን ጥያ ወርዶ ስለሆነ ሳምንት ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም።

በሚቀጥለው እሁድ ሰላምታውን አሳጥሮ ወደ ጉዳዩ ገባ። "ያነበብሽልኝን ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ነበር። አልገባኝም። የኔ ጥፋት ደግሞ አይመስለኝም።"

ተናደድኩ። እሱ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ፣ ኮምፒውተር ሳይኖረው፣ ስንት ወር የደከምኩበትን ነገር አልገባኝም ይለኛል። ነገር ግን እሁዱ ረጅም ነው፤ ሌላ የሚደውልልኝም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሥራው በዚያ መንገድ ተጀመረ። እኔ አንድ ቁራጭ በአማርኛ እነግረዋለሁ፤ እሱ በራሱ ቃል መልሶ ይነግረኛል። እሱ የነገረኝና እኔ ያሰብኩት ካልተገናኙ ቁራጩ እንደገና ይጻፋል። ባትሪው ስለማይበቃን ቁራጩ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር መሆን ነበረበት። "ይፈልግና ያትማል" ስለው፣ "ሁለት ነገር ነው፤ ለያያቸው" ይለኛል። ስም ስሰጣቸውም እንደዚያው ነው። ቀድሞ ቁራጮቼን ሥራ አንድ፣ ሥራ ሁለት እያልኩ ነበር የምጠራቸው፤ በስልክ "ሥራ ሁለት" ብሎ ነገር ምንም አይናገርም። ካርድ ፈልግ፣ ካርድ አውጣ፣ ዕድሜ አስላ ማለት ጀመርኩ። ስሙን ለማውጣት ሲቸግረኝ፣ የሚያደርገውን ራሴም አላውቀውም ማለት እንደሆነ ቀስ በቀስ ገባኝ።

የፊደሉ ነገር ብዙ እሁድ ወሰደብን። የሀ ዘር ብቻ አይደለም፤ እሳቱ ሰ አለ፣ ንጉሡ ሠ አለ፤ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ አሉ፤ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ አሉ። ሰው ስሙን አፉ እንዳመጣለት ይናገራል፤ ጸሐፊውም እጁ እንደለመደ ይጽፋል፤ በሌላ ቀን ሌላ ጸሐፊ በሌላ ፊደል ይፈልገዋል። የእኔ ኮድ ሁሉንም ዓይነት አጻጻፍ እየደረደረ አንድ በአንድ ይሞክር ነበር፤ አንድ ስም ውስጥ ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ፊደሎች ካሉበት ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። ይህንኑ ስነግረው እስከ መጨረሻው ሰማኝና እንዲህ አለኝ፦

"መስጊድ ገብተሽ ታውቂያለሽ?"

"ገብቼ አላውቅም።"

"ሁሉም ሰው በር ላይ ጫማውን ያወልቃል። ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ምን ጫማ አደረገ ብሎ የሚጠይቅ የለም።"

መጀመሪያ አልገባኝም፤ ከዚያ ድንገት በራልኝ። ስሙን ሰውየው እንደሚጽፈው አድርገን እናስቀምጠዋለን፤ ያ የራሱ ስም ነውና አንነካበትም። ከጎኑ ግን ሌላ ቅጂ እንይዛለን፤ በዚህኛው የሀ ዘር ሁሉ አንድ ሀ፣ የሰ ዘር ሁሉ አንድ ሰ ይሆናል። የሚፈልገውም ሰው የጻፈው ስም በዚያው በር ያልፋል። ከዚያ በኋላ ፍለጋው አንድ መስመር ነው። የዚያን ዕለት ያጠፋሁት ኮድ ከጻፍኩት ይበልጥ ነበር። እያጠፋሁ እስቅ ነበር፤ በባዶ ግቢ ውስጥ ብቻዬን።

ብቻዬን አልነበርኩም ለካ። ሴትዮዋ አከራዬ ራሳቸውን አሟቸው ከቤተ ክርስቲያን ቀደም ብለው ተመልሰው ኖሮ፣ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ እየደባለቅሁ፣ "ካልሆነ ይመለሳል፣ ከሆነ ያልፋል" እያልኩ ነበር።

"በልሳን መጸለይሽ ነው እንዴ?" አሉኝ በቀስታ፤ ስልኩን ሳወርድ ግራ ገብቷቸው ነበር።

"አይ እማማ፣ ሥራ ነው።"

"ደስ ይላል" አሉ። "እንዲህ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም።"

ነሐሴ ላይ ዕድሜ የሚያሰላውን ቁራጭ አነበብኩለት። በዚህኛው እኮራ ነበር። ከውጭ የመጣውን ካላንደር ትቼ የራሳችንን ራሴ ጽፌዋለሁ፤ ዐሥራ ሦስቱንም ወር አስገብቻለሁ። ሰምቶኝ ሲጨርስ ጠየቀኝ፦

"ሕፃን ይዛ የመጣች እናት ልጄ ጳጉሜ ሃያ ተወለደች ብትልሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ጳጉሜ ሃያ የለም።"

"አንቺ ታውቂያለሽ። እሱስ ያውቃል?"

ኮዱን አየሁት። ለወሩ ሁሉ ሠላሳ ቀን ሰጥቼዋለሁ። አንዲት ሴት ነሐሴ ሃያን ተሳስታ ጳጉሜ ብትል፣ ወይ ጸሐፊዋ ወሩን አሳስታ ብትነካ፣ ፕሮግራሙ አመስግኖ ይቀበላታል፤ የሕፃኗ የክትባት ቀጠሮም በሌለ ቀን ላይ ተመሥርቶ ይቆጠራል። ይህ ቁራጭ ያኔ ገና ሥራ ላይ አልዋለምና ማንም አልተጎዳም፤ የሦስቱ ካርዶች ነገር ግን ትዝ አለኝ።

"ስህተት ነው የሚል መልእክት አስገባበታለሁ" አልኩት።

"ጸሐፊዋ ስህተት እስክትሠራ ለምን ትጠብቂያታለሽ? ጳጉሜን ስትነካ አምስት ቀን ብቻ አሳያት፤ በዘመነ ሉቃስ ስድስት። ሃያ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ካላየች ምን ብላ ትሳሳታለች?"

በሁሉም ነገር ግን አልተስማማንም። ወልቂጤ ላይ መብራት ሳያስጠነቅቅ ይጠፋል። እትዬ ከገጠር የመጡ አዛውንትን ስም ከነአያታቸው፣ ቀበሌያቸውን፣ ዕድሜያቸውን ጠይቀው ጽፈው ሊጨርሱ ሲሉ ድርግም ይላል፤ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ አዛውንቱን እንደገና መጠየቅ ነው። ስለዚህ የተጻፈው ሁሉ ወዲያው ወዲያው እንዲቀመጥ፣ ያላለቀውም ለብቻው እንዲታይ አሰብኩ። እሱ አልወደደውም።

"ግማሽ ካርድ የሚባል ነገር ልታመጪብን ነው። ወይ ካርድ አለ ወይ የለም። ሦስተኛ ነገር ስታስገቢ ሁሉም ቦታ ስለ ሦስተኛው ማሰብ አለብሽ።"

"ሰዎቹ ደከሙ እኮ።"

"መብራት እስኪመጣ በወረቀት ይጻፉት። ቀላል ይሁን።"

"ለማን ነው የሚቀለው?" አልኩት። "ላንተና ለኔ ነው እንጂ ለእሳቸው አይደለም።"

ባትሪው ሳያልቅ የዘጋንበት ብቸኛው እሁድ ያ ይመስለኛል። እኔ ግን በሳምንቱ ውስጥ ሠራሁት። ግማሹን ካርድ ከሌሎቹ ለይቼ አስቀመጥኩት፤ እስኪያልቅ ድረስ ሌላው የኮድ ቁራጭ እንዳያየው አደረግሁ። በራሴ ድምፅ ለራሴ አነበብኩት፤ በአንድ ትንፋሽ ተነገረ። ለእሱ ግን አላነበብኩለትም።

ሥራው አልቆ ለዶክተሯ ሳሳያቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ቆሙና ስክሪኑን አዩት። ነጭ ገጽ ነው። መሐል ላይ ስም የሚጻፍባት አንዲት ሳጥን አለች፤ ከሥሯ "አዲስ ካርድ" የምትል ቁልፍ፣ ከታች ደግሞ "ያላለቁ" የምትል ትንሽ ጽሑፍ። ቀለማሙ ሥዕል የለም፤ የቤት ቁጥሩም የለም፤ ማንም ሐኪም አይቶት እንደማያውቅ ጠይቄ ነው ያወጣሁት።

"ይኸው ነው?" አሉኝ።

"አዎ ዶክተር።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ?"

ምን ልበላቸው? አብዛኛውን ጊዜ የፈጀብኝ የማያስፈልገውን ማውጣቱ ነው ብላቸው ሥራ የፈታሁ ይመስላል። እሳቸውም ክፉ ሰው አይደሉምና "እስቲ ይሁን" ብለው ወደ በሽተኞቻቸው ሄዱ።

ፕሮግራሙ ሠራ። እትዬ ያለ ምንም ችግር ለመዱት። ሰልፉ አጠረ፤ ካርዶች መደራረባቸው ቀረ። ሦስት ካርድ የነበራት ያቺ ሴት አንድ ካርድ ሆነላት፤ መድኃኒቶቿንም ዶክተሯ ራሳቸው አስተካከሉላት። እኔ ግን ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። ቀድሞ ሲበላሽ በቀን ስንት ጊዜ "ነይ እስቲ" እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ እየተጣራንም ቢሆን እንነጋገር ነበር። አሁን የሚጠራኝ ጠፋ። ስለሚሠራ ነገር ማንም አያወራም። በጠዋት ገብቼ ማታ ስወጣ ሰላም ከማለት በቀር አፌን ያልከፈትኩባቸው ቀናት አሉ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ የማተሚያ ቀለም እቀይራለሁ፤ የስብሰባ ጥሪ እጽፋለሁ።

የእሁዱም ስልክ ሳሳ። የጓደኛዬ አባት እግራቸው አልታዘዝ አላቸውና የበርበሬውን ንግድ የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ ታላላቆቹ መርካቶ ነበሩ። እሱ ማስተማሩን ትቶ ቡታጅራ ገባ። ቡታጅራ ኔትወርክም መብራትም አለ፤ አሁን ባትሪ አያልቅም፤ የሚያልቀው ጊዜው ሆነ። ስደውልለት ከኋላው ሚዛን ይጮኻል፣ ሰው ይጣራል፤ "መልሼ ልደውል?" ይለኛል፤ ሳይደውል ሳምንት ያልፋል።

አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን በቦርሳ ይዤ ከወልቂጤ መናኸሪያ ተነሳሁ። መንገድ ላይ መኪና ቀይሬ ቡታጅራ ስደርስ ረፋድ ሆኗል። መጋዘኑን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ገና ከመንገዱ ማስነጠስ ጀመርኩ። ጆንያዎች እስከ ጣራ ተደርድረዋል። አባትየው በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ "እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ፣ ያቺ የስልኳ ልጅ ነሽ?" አሉኝ። እሱ ከውስጥ ወጣ። ነጭ ኮፍያ አድርጓል፤ ከስቷል፤ ልብሱ በሙሉ የበርበሬ ብናኝ ነው። ሲያየኝ ሁለት እጁን ከፊቱ ዘርግቶ ቆመ፤ ሊጨብጠኝ እንደማይችል ሊያሳየኝ ነው።

"አምጥቼልሃለሁ" አልኩት።

ጆንያ ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩት። ጎንበስ ብሎ አየ። ያን ሁሉ እሁድ በጆሮው የሰማውን ነገር በዓይኑ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

"ሳጥኗ በግራ በኩል ያለች ይመስለኝ ነበር" አለኝ።

"መሐል ላይ ናት።"

"አዎ። መሐል ይሻላል።"

"ሞክረው። ጻፍበት።"

"እጄ በርበሬ ነው። አንቺ ጻፊ።"

የእሱን ስም በሐመሩ ሐ ጻፍኩ፤ ለሙከራ በሀሌታው ሀ መዝግቤው የነበረው ወጣ። ፈገግ አለ። ከዚያ ዓይኑ ከታች "ያላለቁ" ከምትለው ጽሑፍ ላይ አረፈ።

"ይቺን አላነበብሽልኝም።"

"ተጣልተንባት ነበር። መብራት ሲጠፋ የተጻፈው እንዳይጠፋ ነው።"

እንዴት እንደሠራሁት ነገርኩት፤ በአንድ ትንፋሽ። እንደ ድሮው መልሶ በራሱ ቃል ነገረኝ፤ አልተሳሳተም። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ "ልክ ነሽ። እኔ የነበርኩበት ቦታ መብራት ስለሌለ መጥፋቱ አልታየኝም።"

የሆነ ደንበኛ "አሰላሙ ዐለይኩም" ብሎ ገባ፤ እሱም "ወዐለይኩሙ ሰላም" ብሎ ሊመዝንለት ሄደ። ሌላ መጣ። ሻይ ታዘዘልኝ፤ ሻዩን አባትየው አጠገብ ተቀምጬ ጠጣሁ። መሄጃዬ ሲደርስ እስከ መናኸሪያው አብሮኝ መጣ። መኪናው እስኪሞላ ቆመን ሳለ፣ እግሩ ሥር እያየ፣ "ከዐረፋ በኋላ ኒካህ አለብኝ" አለኝ። "የጎረቤት ልጅ ናት። ቤተሰብ ነው የጨረሰው፤ ግን ጥሩ ልጅ ናት።"

"እንኳን ደስ አለህ።"

"ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ" አልኩት።

ቀኑ ሲቆረጥ ደውሎ ነገረኝ። ክሊኒኩ ውስጥ ሥራ በዝቶብኛል አልኩት። ሥራ አልነበረም፤ እሱም ያውቅ ነበር። ያን ፕሮግራም ከእኔ ቀጥሎ በዓለም ላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሥራ ሊበዛብኝ እንደማይችል እንዴት ይጠፋዋል? "እሺ፣ አላህ ያግዝሽ" ብሎ ዘጋ። ከዚያ ወዲያ ለበዓል ከምንላላካት አጭር መልእክት በቀር አልተነጋገርንም።

በዚያ ሁኔታ አንድ ክረምት አለፈ። እሁድ እሁድ ከልማዴ አልወጣሁም፤ በርጩማዬን አውጥቼ ኮዱን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የምቀይረው ነገር ፈልጌ አጣሁ። አንድ ቀን ዶክተሯ ቢሮአቸው አስጠሩኝ።

"ጥፋት የለብሽም" አሉኝ ገና ከመቀመጤ። "ግን ምን ሥራ ልስጥሽ? ንገሪኝ እስቲ።"

አሰብኩ። የእውነቴን አሰብኩ። "የለም ዶክተር" አልኳቸው።

እሳቸውም አዘኑ፤ ጥሩ የምስክር ወረቀት ጻፉልኝ። ለእትዬ ላስረክብ ካርድ ክፍል ገባሁ፤ የማስረክበው ነገር ግን አልነበረም፤ ሁሉንም ያውቁታል። ቁልፉን ብቻ ሰጠኋቸው።

"ሲበላሽ ማን ይመጣልኛል?" አሉኝ።

"አይበላሽም እትዬ።"

"ምንም?"

"ምንም አይሆንም፤ አይስጉ።"

ዓይኔን አዩኝ። "እንግዲያ አትመጪም ማለት ነው" አሉ።

ከወልቂጤ የወጣሁት ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። መናኸሪያው ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ተጨናንቋል፤ ሰው ተቃቅፎ ይሳሳማል፤ ፍራሽና ጀሪካን ከመኪና ጣራ ይወርዳል። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ሚኒባስ ግን ባዶ ነው። ረዳቱ በቸሃ አናገረኝ፤ እኔም በቸሃ ለመመለስ ሞከርኩ፤ ተንተባተብኩ። እሱም አልሳቀም፤ ወደ አማርኛ ዞረልኝ።

"እህቴ፣ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ሲገባ አንቺ ወዴት ነው?"

"ሥራ ፍለጋ።"

"ታዲያ ከፊት ግቢ። ዛሬ ወንበሩ ሁሉ ያንቺ ነው።"

ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ ከፊታችን መኪና ከመኪና ተከታትሎ ይመጣል፤ ሁሉም ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በመስኮት ሕፃናት እጃቸውን ያውለበልባሉ። ሾፌራችን ለእያንዳንዱ መኪና መብራት እያበራ ሰላም ይላል። እኔም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እጄን አንስቼ አብሬው ሰላም ማለት ጀመርኩ።